በመስመር የሚከፈለው ጆሮ፦ የሐኪም ድምፅ ገልባጮች ክፍያ ለምን ወረደ?

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው እንበል። ኦሃዮ ውስጥ አንዲት እናት ልጆቿን አስተኝታ መኝታ ቤቷ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ትቀመጣለች። የጆሮ ማዳመጫዋን ታደርጋለች። እግሯን ወለሉ ላይ ያለው ፔዳል ላይ ታሳርፋለች። መሃሉን ስትረግጠው ድምፁ ይናገራል። ግራውን ስትረግጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቀኙን ስትረግጥ ወደ ፊት ይሮጣል። እጇ ከኪቦርዱ አይነሳም።

ጆሮዋ ውስጥ የሚናገረው ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ ታካሚ ሲያይ ውሎ ደክሞታል። ኮሪደር ላይ እየሄደ ነው የሚቀዳው። ከኋላው በር ይዘጋል፣ ስልክ ይጮሃል። አንዷን ቃል ዋጥ አደረጋት። «ዲስፌጂያ» ነው ያለው ወይስ «ዲስፌዢያ»? በጆሮ ሲሰማ ልዩነቱ የአንድ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ለመዋጥ መቸገር ነው። ሁለተኛው ለመናገር መቸገር ነው። አንዱ ታካሚዋን ወደ ጉሮሮና ጨጓራ ሐኪም ይልካታል፣ ሌላው ወደ ነርቭ ሐኪም።

ሴትዮዋ ድምፁን መለሰችው። ደግማ መለሰችው። ስድስት ጊዜ ሰማችው። አልለይ ሲላት ወደ ቅጂው መጀመሪያ ሄደች። እዚያ ላይ ሐኪሙ «ምግብ ደረቷ ላይ ይቆምባታል» ብሏል። እንግዲያው የመጀመሪያው ነው። ጻፈችው። አራት ደቂቃ ፈጀባት። ከእጇ የወጣው ግን አንድ መስመር ነው። ዋጋው 8 ሳንቲም።

የዚህ ሙያ ችግር በሙሉ እዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ አለ። ስራው መስማት ነው። ክፍያው የሚቆጠረው ግን በመስመር ነው። ላለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የሆነውን ሁሉ ከዚህ ተነስቶ መረዳት ይቻላል።

ስራው ምን ነበር?

ለዚህ ሙያ በአማርኛ የለመድነው ስም የለም። እኛ አገር ሐኪሙ የታካሚውን ካርድ በገዛ እጁ ነው የሚሞላው፤ አሁን አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን ይባላል። እኔ ባለሙያዎቹን «የሐኪም ድምፅ ገልባጮች» እላቸዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሐኪሙ ታካሚ አይቶ ሲጨርስ፣ ወይም ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ፣ ስልክ አንስቶ ያየውንና ያደረገውን ይናገራል። ገልባጯ ሰምታ ትጽፈዋለች። ጽሑፉ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ የሚመጣው ሌላ ሐኪም፣ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሲከፋም ፍርድ ቤቱ የሚያነበው ያንን ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት ታይፒስትነት ይመስላል። ለዚህም ይመስለኛል ዋጋው በቀላሉ የተናቀው። የአካል ክፍሎችን ስም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ መድኃኒቶችንና መጠናቸውን፣ የላብራቶሪ መለኪያዎችን፣ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን ያላወቀ ሰው ይህን ስራ መስራት አይችልም። ሐኪሙ ሲጀምር «ግራ እግር» ብሎ ሲጨርስ «ቀኝ እግር» ቢል ልብ የምትለው እሷ ናት። ደግሞ አንድ የሙያው ሕግ አለ፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ያልሰማሽውን በግምት አትሙዪ። ባዶ ቦታ ተዪና ምልክት አድርጊበት፤ ሐኪሙ ራሱ ይሙላው።

ሙያተኞቹ በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሞዴስቶ ከተማ፣ የራሳቸውን ማህበር አቋቁመዋል። የብቃት ፈተናም አዘጋጅተዋል። ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ በሆስፒታሉ ሪከርድ ክፍል የሚሰሩ የሆስፒታሉ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ደመወዝ፣ የሕክምና ኢንሹራንስ፣ የዓመት ፈቃድ ነበራቸው። አንድ ቃል ካልገባቸው ኮሪደሩን ተሻግረው ሐኪሙን ይጠይቁታል።

መስመር ማለት ስንት ነው?

ከጊዜ በኋላ ሆስፒታሎቹ ስራውን ለውጭ ኩባንያ መስጠት ጀመሩ። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ሲስፋፋ ገልባጮቹ ወደ ቤታቸው ገቡ። ቤት ሆኖ መስራት ሕፃን ላላት፣ የታመመ ወላጅ ለምታስታምም ሴት ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቹ የወረደ ክፍያ የተቀበሉትም ለዚህ ብለው ነው። ከቤት ጋር አብሮ የመጣው ግን የመስመር ክፍያ ነው።

በዘርፉ የተለመደው አንድ መስመር 65 ካራክተር ነው። ፊደሉም፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም፣ ነጥቡም ይቆጠራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ መስመር ከ7 እስከ 10 ሳንቲም መክፈል የተለመደ ነበር። አንዲት ልምድ ያላት ገልባጭ በሰዓት 200 መስመር ብትጽፍ፣ በ9 ሳንቲም ሂሳብ 18 ዶላር ታገኛለች። በጊዜው ደህና ገንዘብ ነው።

አሁን ጥያቄው ቆጣሪው ማነው የሚለው ነው። ቆጣሪው የኩባንያው ሶፍትዌር ነው። አንድ ቀን ኩባንያው «ከእንግዲህ ክፍተት አንቆጥርም» ቢልስ? እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከስድስት ካራክተር አንዱ ገደማ ክፍተት ነው። የመስመሩ ዋጋ 9 ሳንቲም እንደሆነ ይቀጥላል፣ ደብዳቤው ላይ ማንም ደመወዝ ቀነሰ አይልም፣ የወሩ ክፍያ ግን 15 በመቶና ከዚያ በላይ ይጎድላል። የርዕስ መስመሮች ላይቆጠሩ ይችላሉ። ከተዘጋጀ ቅጽ የመጣ ጽሑፍም እንዲሁ። ነገሩ ከገልባጮቹ አልፎ ሆስፒታሎቹንም ነክቷል። በ2004 ከዘርፉ ግዙፎች አንዱ የነበረው ሜድኩዊስት የሚባለው ኩባንያ በመስመር አቆጣጠሩ ምክንያት ከደንበኞቹ ጋር ፍርድ ቤት ደርሷል። መስመር የሚሉት መለኪያ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ያኔ ብዙ ሰው ገባው።

በመስመር የማይቆጠረው ደግሞ ብዙ ነው። የመድኃኒት ስም ፍለጋ አይቆጠርም። ቅጂው እስኪከፈት መጠበቅ አይቆጠርም። ከሁሉ የሚያንገበግበው ስራ የሌለበት ሰዓት ነው። ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ኮምፒውተርሽ ፊት ሁኚ ትባላለች። ትቀመጣለች። ስክሪኑ «ስራ የለም» ይላታል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። እኛ አገር ቡና ለቃሚም በኪሎ ይከፈለዋል። ግን ዛፉ ፍሬ ከሌለው ወደ ሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል። እሷ ባዶው ዛፍ ስር ቆማ እንድትጠብቅ ትገደዳለች።

ክፍያው ሲሰባበር

የመጀመሪያው ምት የመጣው ከባህር ማዶ ነው። ሕንድ፣ ፊሊፒንስና ፓኪስታን ውስጥ እንግሊዝኛ የተማሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። አሜሪካ ሲመሽ እዚያ ይነጋል። ሐኪሙ ማታ የተናገረው ጠዋት ተጽፎ ይጠብቀዋል፣ ያውም በርካሽ። እዚያ ያሉትን ሠራተኞች መውቀስ አይገባም። እነሱም እንጀራቸውን ነው የሚፈልጉት። የሚወቀሰው በመሃል ያለው ሰንሰለት ነው።

በ2003 የሆነውን ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የግልበጣ ስራውን ለአንድ የአካባቢው ድርጅት ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ ፍሎሪዳ ላለች ሴት አስተላለፈው። እሷ ቴክሳስ ላለ ሰው ሰጠችው። እሱ ደግሞ ፓኪስታን ላለች ሴት። ሆስፒታሉ ይህን ሰንሰለት አያውቅም ነበር። ያወቀው ፓኪስታን ያለችው ሴት ክፍያዋ ስለቀረባት የታካሚዎቹን ሰነድ ኢንተርኔት ላይ እለጥፋለሁ ብላ ኢሜይል ስትልክ ነው። የተወሰነ ገንዘብ ከደረሳት በኋላ ማስፈራሪያዋን አነሳች። የታካሚን ምስጢር መያዣ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው። ግን ልብ በሉ፦ በሐኪሙና በጻፊዋ መካከል ሦስት እጅ አለ። እያንዳንዱ እጅ ከመስመሩ ዋጋ ላይ የራሱን ቆርሶ ነው የሚያሳልፈው። መጨረሻ ላይ ያለችው ሴት፣ ስራውን በእጇ የሰራችው እሷ ብቻ ሆና ሳለ፣ የሚደርሳት ፍርፋሪው ነው።

ሁለተኛው ምት ማሽኑ ነው። ድራገን ናቹራሊስፒኪንግ የተባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም በ1997 ገበያ ላይ ዋለ። በቀጣዮቹ ዓመታት ኩባንያዎቹ ተመሳሳይ ቴክኖሎጂ ከጀርባ አስገቡ። ሐኪሙ እንደ ድሮው ይናገራል። ማሽኑ ረቂቅ ይጽፋል። ገልባጯ ረቂቁን ከድምፁ ጋር እያመሳከረች ታርማለች። ስሟ ከገልባጭ ወደ አራሚ ተቀየረ። ዋጋዋም ተቀየረ፦ ከ3 እስከ 5 ሳንቲም በመስመር።

የኩባንያዎቹ ክርክር «ግማሽ ብንከፍልሽም እጥፍ ትሠሪያለሽ፣ ስለዚህ ያው ነው» የሚል ነበር። እስቲ እናስላው። በ9 ሳንቲም 200 መስመር 18 ዶላር ነው። በ4 ሳንቲም 18 ዶላር ለማግኘት በሰዓት 450 መስመር ማረም አለባት። ሐኪሙ ጥርት አድርጎ የሚናገር ከሆነ ይቻል ይሆናል። ቃላት የሚውጥ፣ የሚያዛጋ፣ እየበላ የሚናገር፣ ወይም አነጋገሩ ማሽኑ ካልለመደው አገር የሆነ ሐኪም ከሆነ ግን ረቂቁ ውጥንቅጡ የወጣ ነው። አንዳንዱን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል። ያኔም የምትከፈለው የአራሚ ዋጋ ነው። 250 መስመር ብትጨርስ 10 ዶላር።

ሁለት ነገር ልጨምር። ማረም ከመጻፍ ይልቅ ቀላል ይመስላል፤ ለአእምሮ ግን ይከብዳል። ዓይን የተጻፈውን ማመን ይወዳል። ማሽኑ ስህተቱን የሚጽፈው በትክክለኛ ስፔሊንግና በጥሩ ሰዋስው ነው። «ሃይፖ» እና «ሃይፐር» ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸው። አንዱ ማነስ ነው፣ ሌላው መብዛት ነው። ስታነበው ምንም አይጎረብጥም። ለመያዝ ጆሮ ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር እኔን በጣም ያሳዝነኛል። ማሽኑን ያስተማረው ማነው? አራሚዎቹ ናቸው። ያረሙት ሰነድ ተመልሶ ወደ ሲስተሙ ይገባል። ማሽኑ የዚያን ሐኪም አነጋገር ይማርበታል። እያንዳንዷ እርማት ማሽኑን የበለጠ ጎበዝ፣ እሷን የበለጠ ርካሽ አደረገቻት። ለአስተማሪነቷ የተቆጠረላት መስመር የለም።

ሦስተኛው ምት በሕግ መጣ። በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ሆስፒታሎች የታካሚ መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር እንዲያዞሩ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማበረታቻ መደበ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሆስፒታል ሲስተሙን አስገባ። ወጪ መቆጠብ የፈለገ አስተዳደር ታዲያ «ሐኪሙ ራሱ ይሙላው» አለ። ሐኪሙ ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ፣ መተየብ፣ ካለፈው ጉብኝት መቅዳት ጀመረ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ በኮምፒውተርና በወረቀት ስራ ላይ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ስራው አልጠፋም ማለት ነው። ከሴትዮዋ ጠረጴዛ ተነስቶ ሐኪሙ ትከሻ ላይ ተጫነ።

ቁጥሩ ምን ይላል? በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ በ2010 በዚህ ሙያ 95 ሺህ ያህል ሰው ይሠራ ነበር። የመካከለኛዋ ሠራተኛ ክፍያ በሰዓት 15.82 ዶላር ነበር። ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። በ2021 ያው መለኪያ 14.47 ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የኑሮ ዋጋ በ24 በመቶ አካባቢ ጨምሯል። የ2010ን ኑሮ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለመኖር ብቻ ከ19 ዶላር ተኩል በላይ ያስፈልግ ነበር። ልዩነቱ በሰዓት 5 ዶላር ነው። በወር ስታሰሉት የቤት ኪራይ ግማሽ ይሆናል።

ገንዘቡ ግን ከዘርፉ አልጠፋም። ይህን መናገር አለብኝ። ቅድም ያነሳሁት ሜድኩዊስት ኤምሞዳል የሚል ስም ይዞ በ2012 በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2014 ዕዳ ከብዶት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ2019 ደግሞ 3ኤም የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ቴክኖሎጂውን በ1 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ወሰደው። የግልበጣ አገልግሎቱ፣ ሰዎቹ ያሉበት ክፍል፣ ተለይቶ ለብቻው ቀረ። ድራገንን የያዘውን ኑዋንስን ማይክሮሶፍት በ2022 ሲገዛው ዋጋው 19.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ያ ቴክኖሎጂ የተገነባው በዓመታት የሐኪም ድምፅና በታረመ ጽሑፍ ላይ ነው።

ተቀጣሪ ነሽ ወይስ ኮንትራክተር?

አሜሪካ ለምትኖሩ ይህ ክፍል ከዚህ ሙያ ውጭም ይጠቅማችኋል። ኡበር የሚነዳ፣ ዕቃ የሚያደርስ፣ ቤት ሆኖ የሚሰራ ሁሉ ያውቀዋል።

በደብሊው ቱ (ለተቀጣሪ በሚሰጠው የግብር ቅጽ) የተቀጠረች ገልባጭ በመስመር ብትከፈልም ሕጉ ይጠብቃታል። በ1938 የወጣው የሠራተኞች ሕግ እንደሚለው የሳምንቱ ክፍያ ለሰራችበት ሰዓት ሲካፈል ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ከሆነ አሠሪው ልዩነቱን መሙላት አለበት። ከ40 ሰዓት በላይ ከሰራች ኦቨርታይም አላት። የፌዴራሉ ወለል 7.25 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2009 ወዲህ አልተነካም። አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ የተሻለ ወለል አላቸው። ስለዚህ የሰራችበትን ሰዓት ራሷ መዝግባ መያዝ አለባት። «ስራ የለም» እያለ የተቀመጠችበትም፣ አሠሪው ከቦታሽ አትነሺ ካላት፣ ይመዘገባል።

በ1099 (ለኮንትራክተር በሚሰጠው ቅጽ) የምትሰራዋ ግን ይህ ሁሉ የላትም። ወለል የላትም፣ ኦቨርታይም የላትም። አሠሪ ይከፍል የነበረውን ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ከኪሷ ትከፍላለች። ኮምፒውተሩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ፔዳሉም የራሷ ነው። ስለዚህ «9 ሳንቲም በ1099» እና «9 ሳንቲም በደብሊው ቱ» አንድ ዋጋ አይደሉም። ማስታወቂያው ላይ ግን አንድ ይመስላሉ።

አገር ቤት ያላችሁም ይህ ሂሳብ ይመለከታችኋል። ኮምፒውተርን አማርኛ ለማስተማር ድምፅ እየሰሙ የሚጽፉ ወጣቶች አሉ። ክፍያው ብዙ ጊዜ «በድምፅ ሰዓት» ነው። የድምፅ ሰዓትና የስራ ሰዓት ይለያያሉ። ጥሩ ጸሐፊ የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ድምፁ የተጨናነቀ ከሆነ ከዚያም በላይ። ለአንድ የድምፅ ሰዓት 10 ዶላር ቢሏችሁ በእውነት የተባላችሁት 2 ዶላር ተኩል ነው። ከመስማማታችሁ በፊት አስር ደቂቃ ድምፅ ተቀበሉና ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት።

ጆሮው ሲጎድል

«ታዲያ ማሽኑ ከቻለ ምን አለበት?» የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ተለክቷል።

በ2018 ጃማ ኔትወርክ ኦፕን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ ሐኪሞች ተናግረው ማሽን የጻፋቸውን 217 ሰነዶች ወስደው ስህተት ቆጠሩ። ማሽኑ ብቻውን ከጻፈው ከመቶ ቃል 7.4 ያህሉ ስህተት ነበረበት። ገልባጮች ካረሙት በኋላ ወደ 0.4 ወረደ። ሐኪሙ አይቶ ሲፈርምበት 0.3 ሆነ። እስቲ ቁጥሮቹን በዝግታ ተመልከቷቸው። ከ7.4 ወደ 0.4 ያወረደው ማነው? በመስመር 4 ሳንቲም የሚከፈላት ሴት ናት። የሐኪሙ ፊርማ የጨመረው ከዚያ በኋላ ያለችውን ትንሽ ነገር ነው።

አንድ ስህተት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አላባማ ውስጥ ታይቷል። በ2008 አንዲት የስኳር ታካሚ ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ማገገሚያ ተቋም ተላከች። የመውጫ ሰነዷ በኩባንያ በኩል አልፎ ሕንድ ነበር የተገለበጠው። ሊታዘዝላት የሚገባው ኢንሱሊን 8 ዩኒት ነው። ሰነዱ ላይ 80 ሆኖ ተጻፈ። ማገገሚያው የተጻፈውን ሰጣት። ሞተች። ታህሳስ 2012 ዳኞች ለቤተሰቧ 140 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። በእንግሊዝኛ «ኤይት» እና «ኤይቲ» ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ጮክ ብላችሁ በሉት። ሰንሰለቱ ሲረዝም፣ ጥያቄ የሚጠየቅበት ኮሪደር ሲጠፋ፣ አንድ «ኢ» ድምፅ ሰው ይገድላል።

አሁን ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፍቷል። አዲሱ የኤአይ መሣሪያ ሐኪሙ እስኪናገርለት እንኳ አይጠብቅም። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙና ታካሚው ሲያወሩ ያዳምጣል። ከዚያ ማስታወሻውን ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ብዙ ሐኪሞች ወደውታል። ማታ ቤታቸው ወስደው ከሚሠሩት የጽሑፍ ስራ ገላግሏቸዋል፤ በዚህ እኔም ደስ ይለኛል። ሐኪም ስክሪን ላይ ከሚያፈጥ ዓይናችንን ቢያየን ይሻላል።

ግን ያዙልኝ ያልኳችሁን ሕግ አስታውሱ። ያልሰማሽውን በግምት አትሙዪ። በ2024 ተመራማሪዎች ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን፣ ዊስፐር የተባለውን የኦፕንኤአይ ፕሮግራም ፈትሸው ነበር። ከሰጡት የድምፅ ቁራጮች ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ ላይ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ፈጥሮ ጽፏል። በተለይ ሰው ዝም ሲል፣ ንግግሩ ሲቆራረጥ ዝምታውን ይሞላዋል። በዚያው ዓመት የዜና ምርመራዎች ይህንኑ ፕሮግራም መሠረት ያደረጉ መሣሪያዎች ሆስፒታሎች ውስጥ እንደሚሠሩ ዘግበዋል። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በቀን ሃያ ታካሚ የሚያይ ሐኪም በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚቀዳ አስቡት። ዝም የሚለው፣ ቃል የሚያጥረው፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገረው ታካሚ ደግሞ ማነው? የስትሮክ በሽተኛው፣ አዛውንቷ፣ ስደተኛው።

ማሽኑን ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ እንዲመለስም አልጠይቅም። የምጠይቀው እሱን ተከትሎ ድምፁን የሚሰማ፣ ሙያው ያለው፣ በሰዓቱ ልክ የሚከፈለው ሰው እንዲኖር ነው። ገልባጮቹ አሁንም አሉ። ብዙዎቹ የሃያ ዓመት ልምድ አላቸው። በመስመር ሳይሆን በሰዓት ቢከፈሉ ያቺን አራት ደቂቃ ሳይሳቀቁ ይሰጧት ነበር።

እስከዚያው የመጨረሻው አራሚ ታካሚው ሆኗል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ2021 ጀምሮ ሐኪማችሁ የጻፈውን ማስታወሻ ሳይዘገይ በኢንተርኔት የማየት መብት አላችሁ። ክፈቱት። በተለይ በአስተርጓሚ ወይም በተሰባበረ እንግሊዝኛ የታከማችሁ፣ ወይም እናታችሁን ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ ክፈቱትና አንብቡት። መጀመሪያ መድኃኒቱንና መጠኑን እዩ። ከቤታችሁ ብልቃጥ ጋር አመሳክሩት። ግራና ቀኝን እዩ። አለርጂውን እዩ። «የለባትም» የተባለው «አለባት» ሆኖ እንዳልተጻፈ አረጋግጡ። ተናግራችሁት የማታውቁት ሕመም እዚያ ካለ ዝም አትበሉ። ስህተት ካገኛችሁ እንዲስተካከል በጽሑፍ ጠይቁ። ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጧችሁ ያስገድዳል፤ መዘግየት ካለ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ነግረዋችሁ አንድ ጊዜ ብቻ 30 ቀን መጨመር ይችላሉ።